ወንድ ልጅም ይቆስላል
በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ



የዛሬው ርዕስ ከበድ ያለ ነው። በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ስለ ወሲባዊ ጥቃት ሲነገር ቶሎ ትዝ የሚሉን እህቶቻችን ናቸው፤ ትክክል ነው፣ ጉዳቱ በእነሱ ላይ ይበዛል። ዛሬ ግን የምንነጋገረው በልጅነቱ ወይም ካደገ በኋላ ጥቃት ስለ ደረሰበት ወንድ ነው። ይህ ሰው እሁድ እሁድ አጠገባችሁ ቆሞ ይዘምራል። የኳየር አባል ሊሆን ይችላል፤ ዲያቆን ሊሆን ይችላል፤ እህቴ፣ ባልሽ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት የያዝከው አንተም ልትሆን ትችላለህ።

ዩኒሴፍ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን የሚደርሱ ወንዶች በልጅነታቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ አካላዊ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከ11 ወንዶች አንዱ ማለት ነው። ይህ የዓለም ግምት እንጂ የእኛ ጉባኤ ቆጠራ አይደለም። ግን እስቲ በሚቀጥለው እሁድ በወንዶች በኩል ያለውን ወንበር ቁጠሩና አስቡት።

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ የዚህ ወንድም ቁስል ጸሎትም ሕክምናም ይፈልጋል። እኛ የሐኪሙን ቦታ አንወስድም። የእኛ ድርሻ ወደ ሐኪሙ ማድረስና እስኪድን አብሮት መቆየት ነው።

በኢያሪኮ መንገድ የወደቀው ሰው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ወንበዴዎች ሰውየውን ልብሱን ገፈፉት፣ ደበደቡት፣ በሕይወትና በሞት መካከል ትተውት ሄዱ። ካህኑ አየው፣ አለፈ። ሌዋዊውም እንዲሁ። ሳምራዊው ግን ምን አደረገ? ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ከዚያስ? እዚህ ላይ ቶሎ አትለፉ። ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠ፤ ተጨማሪ ወጪ ካለም ስመለስ እከፍላለሁ አለ።

አያችሁ? ሳምራዊው ሁሉንም ነገር እኔው ልሥራው አላለም። ለጊዜው የሚቻለውን አደረገ፣ የረጅሙን ጊዜ እንክብካቤ ለሚችለው ሰው አስረከበ፣ ሂሳቡን ከፈለ፣ ተመልሶ ሊያየው ቀጠሮ ያዘ። ካስረከበ በኋላም ኃላፊነቱን አልጣለም።

የእኛ ችግር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቻችን እንደ ካህኑ አይተን እናልፋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ቁስለኛውን እዚያው መንገድ ላይ አስቀምጠን ዘይት ብቻ እያፈሰስን ዓመት እናቆየዋለን። ማደሪያው የት እንዳለ አናሳየውም።

ለምን ዝም ይላል?

በአሜሪካ በልጅነታቸው ጥቃት በደረሰባቸው 487 ወንዶች ላይ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እስኪናገሩ ድረስ በአማካይ ከ20 ዓመት በላይ እንደ ወሰደባቸው አሳይቷል። ሃያ ዓመት! በእኛ አገርማ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እየተባለ ያደገ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ መቃብር ይዞት ቢወርድ ምን ይደንቃል?

ዝም የሚያሰኘው ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ "ወንድ አይደፈርም" የሚለው አባባል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይልም። ዘፍጥረት 39ን አንብቡ። ዮሴፍ ጠንካራ ጎልማሳ ነበር፤ የጌታው ሚስት ግን በየቀኑ ትጨቀጭቀው ነበር፣ በመጨረሻም ልብሱን ጨምድዳ ያዘችው። ሸሸ። ከዚያስ? የታሰረው እሱ ነው። ወንድም ዒላማ ይሆናል፣ አጥቂዋም ሴት ልትሆን ትችላለች። ዛሬ አንድ ልጅ ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ጥቃት አደረሰችብኝ ቢል ጓደኞቹ "ታድለህ" ብለው ይስቁበታል። እሱ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

ሁለተኛው ፍርሃት "ለምን አልታገልክም?" የሚለው ጥያቄ ነው። አደጋ ሲመጣ የሰው አካል ይታገላል፣ ይሸሻል፣ ወይም ድርቅ ይላል። ድርቅ ማለቱን ሰውየው አይመርጠውም። በተለይ አጥቂው የሚያበላው፣ የሚያስተምረው ወይም የሚፈራው ሰው ከሆነ ልጁ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሊያቅተው ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ የሚያሳፍረው ነው። በጥቃቱ ጊዜ አካሉ ምላሽ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ "ፈልጌው ነበር ማለት ነው" ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ይኮንናል። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት ስትከትፉ እንባችሁ ይወርዳል። አዝናችሁ ነው እንዴ? ዓይን ስለተነካ ነው። አካል ሲነካ ምላሽ መስጠቱ ልብ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

አራተኛው ደግሞ ሰው የሚለጥፍበት ስም ነው። "እሱም ያው ሆኗል"፣ "እሱም ነገ ልጅ ይደፍራል" ይባላል። የተደረገበት ነገር ምርጫው አልነበረም፤ ማንነቱንም አይወስንም። ጥቃት ከደረሰባቸው ወንዶች አብዛኞቹ ማንንም አያጠቁም። እንዲያውም ብዙዎቹ ልጆችን ለመጠበቅ ከማንም በላይ የሚጨነቁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ታምቆ ሲቆይ በሌላ መንገድ ይወጣል። በቁጣ፣ በመጠጥ፣ በጫት፣ ዕረፍት በሌለው ሥራ፣ ሚስቱን በመራቅ፣ አንዳንዴም ራስን በመጥላት። እኛ የምናየው ቁጣውን ነው፤ ሥሩን አናይም። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት ለዚህ አይደል?

በአገራችን የሆነ

ይህ የውጭ አገር ወሬ አይደለም። በወሎ፣ ጃሪ በተባለ ስፍራ፣ በ1977ቱ ረሃብ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የተሠራ መንደር ነበር። የሚያስተዳድረው አንድ የስዊዘርላንድ የእርዳታ ድርጅት ነበር። በዚያ ኃላፊ ሆኖ የሠራ ዴቪድ ክሪስቲ የተባለ የብሪታንያ ዜጋ በማሳደጊያው ወንዶች ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ በ2003 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት ጽኑ እስራት ፈረደበት።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በጨለማ የመጣ ወንበዴ አልነበረም። ልጆቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው ነበር። ብዙ ጊዜም እንዲህ ነው፤ አጥቂው ልጁ የሚያውቀውና ቤተሰቡ የሚያምነው ሰው ነው። ዘመድ፣ አሠሪ፣ አስጠኚ፣ ምን ያደርጋል፣ አንዳንዴም የአገልግሎት ሰው።

በእኛ በኮልፌ ቀራኒዮ እስቲ ዞር ብለን እንይ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ መርካቶና አውቶቡስ ተራ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ፣ አጣና ተራ ዕቃ የሚያወርድ ልጅ፣ ማታ ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚያድር ልጅ አለ። ሴት ልጅ ውጭ ስታድር እንደነግጣለን። ወንድ ልጅ ሲያድር ግን "ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል?" እንላለን። ይሆናል እንጂ!

ሕጋችንም ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 631፣ ተመሳሳይ ጾታ ባለው ልጅ ላይ ይህን የሚፈጽም ሰው ልጁ 13 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ወንጀለኛው አጥቂው ነው፤ ልጁ ተበዳይ ነው። ሕጉ ተበዳይ ያለውን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአተኛ ብላ ንስሐ ግባ ልትለው አይገባም።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ካውንስሊንግ ሲባል ሽማግሌ ተቀምጦ "አይዞህ፣ እርሳው" የሚልበት ምክር ይመስለናል። የሥነ ልቦና ሕክምና ወይም ቴራፒ ሌላ ነገር ነው። የሠለጠነ ባለሙያ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በዝግ ክፍል፣ ደረጃ በደረጃ የሚሠራው ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ መንገዱን በሦስት ደረጃ ከፍለው አስረድተዋል፤ ብዙ ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

የመጀመሪያው ደረጃ ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ገና አይነገርም። እንቅልፉ እንዲስተካከል፣ ድንጋጤው ሲመጣ ትንፋሹን እንዲቆጣጠር፣ ነገሩ እንደ አዲስ እየሆነበት ያለ ሲመስለው "አሁን ያለሁት እዚህ ነው፣ ዛሬ ነው" ብሎ ራሱን እንዲመልስ ይለማመዳል። ሁለተኛው ማስታወስና ማዘን ነው። ታሪኩን በራሱ ፍጥነት፣ ቁርስራሹን እየሰበሰበ ይናገራል፤ የቀረበትን ልጅነት ያለቅሳል። ሦስተኛው ወደ ኑሮ መመለስ ነው፤ ትዳሩን፣ ጓደኝነቱን፣ ሥራውን፣ አምልኮውን እንደገና ይይዛል።

ይህን ማወቃችን ለምን ይጠቅማል? እኛ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ደረጃ መጀመር እንፈልጋለን። "ንገረንና ይውጣልህ" እንላለን። ገና አጥንቱ ያልታሰረ ሰው ሩጥ እንደ ማለት ነው።

"ጸሎት እያለ ሕክምና ምን ያደርጋል?" የምትሉ ወገኖች፣ መልሱ እዚሁ ሰፈራችን አለ። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር። በዚያ ዘመን በሽታው እርግማን ነው እየተባለ ሕሙማኑ ከሰው ይገለሉ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ጥምር መድኃኒቱን ካጸደቀ በኋላ ግን ብዙ ሕዝብ ዳነ። ያን ጊዜ ለሕሙማኑ የጸለዩ ክርስቲያኖች "ወይ ጸሎት ወይ ኪኒን ምረጥ" አላሉም። ለነፍስ ቁስል ሲሆን ታዲያ ለምን እናስመርጣለን?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሲነግርህ እመነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "አምንሃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ።" ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን አትጠይቅ፤ እሱ የባለሙያው ሥራ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ምስጢሩን ጠብቅ። ለጸሎት ቡድን እንኳ አታቅርበው። "ለአንድ ወንድም ጸልዩ፣ በልጅነቱ እንዲህ ሆኖ ነው" ብትል፣ በእኛ ሰፈር በሦስት ቀን ውስጥ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ምስጢር የማይጠበቅበት ሁኔታ ሁለት ነው፦ አሁን አደጋ ላይ ያለ ልጅ ሲኖር፣ እና ወንድምህ ራሱን ሊያጠፋ ሲያስብ። በዚህ ጊዜ ብቻውን አትተወው፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል አድርሰው።

ሦስተኛ፣ በችኮላ የመንፈስ ስም አትስጠው። ሰው በተሰበሰበበት በጉልበት ይዞ መጮህ፣ በጉልበት ተይዞ ለተጠቃ ሰው ያንኑ ቀን መድገም ሊሆንበት ይችላል። ስትጸልይለት ፈቃዱን ጠይቅ። እጅህን ከመጫንህ በፊትም "ልጫንብህ?" በለው።

አራተኛ፣ ይቅርታን አታስቸኩለው። ይቅርታ የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ግን ይቅርታ ማለት ወንጀሉን መደበቅ፣ ከአጥቂው ጋር አንድ ማዕድ መቀመጥ፣ ወይም አልሆነም ማለት አይደለም። በ2ኛ ሳሙኤል 13 አቤሴሎም እህቱን ትዕማርን ዝም በይ አላት፤ ንጉሥ ዳዊትም ተቆጣ እንጂ ምንም አላደረገም። ዝምታው ሰላም አመጣ? ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ቤት ደም ፈሰሰበት።

አምስተኛ፣ ለምስክርነት አታስቸኩለው። ዮሴፍን ተመልከቱ። በዘፍጥረት 43 እንባው ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ራሱን ችሎ ወጣ። በምዕራፍ 45 ደግሞ ሁሉም ይውጡልኝ ብሎ፣ ከወንድሞቹ ጋር ብቻ ሲቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ማን ይውጣ፣ ማን ይቅር የሚለውን የወሰነው ዮሴፍ ራሱ ነበር። የወንድምህም ታሪክ የራሱ ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚናገር ይወስን።

ስድስተኛ፣ ሁለቱን ዲናር ክፈል። ቀን ሠራተኛ የሆነ ወንድም ለሕክምና ቀጠሮ ግማሽ ቀን ሲያጣ የዕለት ጉርሱን ነው የሚያጣው። ከአየር ጤና ወይም ከዓለም ባንክ ተነስቶ በየሳምንቱ ለመመላለስ የታክሲ ሂሳብ ይፈልጋል። ዲያቆናት፣ ከድሆች መርጃ ሳጥን ለዚህ ጸጥ ብላችሁ መድቡ፤ ደረሰኙ ላይ "ሕክምና" ይበል፣ ይበቃል። ባለሙያ ስትፈልጉለት በጤና ጣቢያ ሪፈር ማስጻፍ ወይም አማኑኤል ሆስፒታልን መጠየቅ ይቻላል። "አማኑኤል ገባ" መባልን ከፈራ አብራችሁት ሂዱ። ባለሙያውን "ጥቃት ከደረሰባቸው ወንዶች ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሴት ባለሙያ ይሻለኛል ወይም ወንድ ይሻለኛል ቢልም መብቱ ነው።

ሰባተኛ፣ ከቀጠሮው በኋላ አትጥፋ። ሕክምናው በተጀመረ ሰሞን አንዳንድ ሰው ይብስበታል፤ ቅዠቱ ይመለሳል፣ ቁጣው ይጨምራል። ያን ጊዜ "ይኸው ሕክምናው አልሠራም" አትበለው። የቆየ ቁስል ሲጸዳ ያማል። "ምን አልካቸው?" ብለህ አትጠይቀው። ሻይ ጋብዘው፣ ስለ ኳስ አውራው፣ ቤቱ ድረስ ሸኘው።

ለሚስቶችም አንድ ቃል። እህቴ፣ ባልሽ ይህን ቢነግርሽ ወንድነቱ አልጎደለም። ካንቺ የራቀው ስላልወደደሽ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጥቃት ስለ ደረሰበት አንቺን መምታት አይፈቀድለትም። ሁለቱን ለይተሽ ያዢ፤ አንቺም የምትናገሪለት ባለሙያ ይኑርሽ።

ነገሩ ዛሬ ከሆነ

ልጅህ ወይም የጎረቤት ልጅ ዛሬ ወይም ትናንት ተጠቅቶ ከሆነ፣ ጊዜ አታጥፋ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ልጁን አታጥበው፤ ልብሱንም ሳታጥብ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ወንድ ልጅም ሕፃን ነው፤ ይዘኸው ሂድ።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህ በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ስም ለመጠበቅ ተብሎ አጥቂውን ወደ ሌላ አጥቢያ ማዛወር ተኩላውን ወደ ሌላ በረት መስደድ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችንም አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በዝግ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን ሥርዓት እናውጣ።

ለአንተ

በመጨረሻ፣ ይህን ወረቀት ደብቀህ የምታነበው ወንድሜ፣ ላንተ ነው የምናገረው።

የምንኖርበት ሰፈር ስሙ ቀራኒዮ ነው። በየቀኑ ታክሲ ላይ ሲጠራ ስለምንሰማው ትርጉሙን ረስተነዋል። ቀራኒዮ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። በማቴዎስ 27 ወታደሮች ልብሱን ገፈፉት፣ ዘበቱበት፣ በልብሱም ዕጣ ተጣጣሉ። ጌታ በወንድ አካል፣ በሰው ሁሉ ፊት ተዋርዷል። ያንተ ታሪክ ለእሱ እንግዳ አይደለም። አንተን ሲያይ አያፍርብህም።

ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ልጅ ነበርክ፤ ልጅ ባትሆንም ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ለሃያ ዓመት ዝም ብለህ ከሆነ አልረፈደም። ዛሬ ሁሉንም ለሁሉም መናገር አይጠበቅብህም። አንድ የምታምነውን ሰው ምረጥና "አንድ ነገር ደርሶብኛል፣ ሐኪም ዘንድ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" በለው። ለመጀመሪያው ቀን ይህች ትበቃለች።

አብረን እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን አንተ ታውቃለህ። ያለ ፈቃዴ የተጫነብኝን እፍረት ከላዬ አንሳ። የሚሰማኝን ሰው፣ የሚያክመኝንም ባለሙያ ስጠኝ። ወደዚያ በር የምሄድበትን ጉልበት ስጠኝ። ለወንድሞቼም የማያልፉኝ ልብ ስጣቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።